የክረምቱ ማጠናከሪያ ትምህርት የመምህርነት መፈተኛ ይሁን

ለተከበረው የዝግጅት ክፍል፣

ሰኔ ሲገባ በአራዳና በቂርቆስ ክፍለ ከተሞች ወጣቶች ለክረምት በጎ ፈቃድ አገልግሎት ይመዘገባሉ። ከእነዚህ መካከል ማጠናከሪያ ትምህርት ላይ የሚመደቡና «መምህር ልሁን ወይስ ይቅርብኝ?» እያሉ የሚያመነቱ አሉ። ክረምቱ ለዚህ ጥያቄ መልስ ሊሰጣቸው ይችል ነበር። ነገር ግን አንድ ሳምንት እዚህ፣ አንድ ሳምንት እዚያ የተላከ፣ በመጀመሪያው ቀን ጠመኔ ይዞ ሙሉ ክፍል ፊት የቆመ ወጣት በመጨረሻ የሚያገኘው የምስክር ወረቀት ብቻ ነው። ለሙያው ይሁን አይሁን አያውቅም።

የምንጠይቀው አንድ ወጣት ከአንድ ቡድን ጋር፣ በአንድ ትምህርት ቤት ስድስት ሳምንት እንዲቆይ ነው። ሐሳቡ ለዚህች ከተማ አዲስ አይደለም። ስድስት ኪሎ ያለው ዩኒቨርሲቲ በ1950ዎቹ መጨረሻ በጀመረው የዩኒቨርሲቲ አገልግሎት ተማሪዎቹን ለአንድ ሙሉ ዓመት ወደ ጠቅላይ ግዛቶች ይልክ ነበር፤ አብዛኞቹም የተመደቡት ለማስተማር ነበር።

የመጀመሪያው ሳምንት ማስተማር የሌለበት ይሁን። ወጣቱ ከኋላ ተቀምጦ አራት አምስት ልጆችን ይከታተል፤ ማን ስንተኛው ደቂቃ ላይ መስማት እንዳቆመ ይጻፍ። «ገባችሁ?» ሲባል ክፍሉ በአንድ ድምፅ «አዎ!» ይላል። ያን «አዎ» ከልጆቹ ደብተር ጋር ያስተያየው።

ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ሳምንት ከስድስት እስከ ስምንት ልጆች ይሰጡት። ዋናው ሥራ ይህ ነው። ፊደል የሚያስጠና ከሆነ፣ ልጁ «ሀ ሁ ሂ ሃ» እያለ በዜማ ሲወርደው ያውቃል ብሎ ማለፍ የተለመደ ስህተት ነው፤ ገበታውን በተርታ የሚያነበንብ ልጅ ብዙ ጊዜ የያዘው ዜማውን ነው። ፊደላቱን በትናንሽ ካርቶን ላይ ጽፎ፣ አደባልቆ፣ አንድ በአንድ ማሳየት ያስፈልጋል። የሚደናቀፉበት ቦታም የታወቀ ነው፤ አናታቸው ላይ ባለ ምልክት ብቻ የሚለዩት ተ እና ቸ፣ ነ እና ኘ፣ ደ እና ጀ፣ ከዚያም ሳድስ። የካዕብና የሣልስ ቅጥያ በአብዛኛው አንድ ዓይነት ሲሆን የሳድስ ቅርጽ ግን ከፊደል ፊደል ይለያያል።

ሒሳብ ከሆነ ደግሞ ከ402 ላይ 178 እንዲቀንስ የታዘዘ ልጅ 376 ብሎ ሲጽፍ ኤክስ አድርጎ ማለፍ ምንም አይጠቅመውም። ልጁ በየቤቱ ከትልቁ አኃዝ ትንሹን ቀንሷል፤ ከ8 ላይ 2፣ ከ7 ላይ 0፣ ከ4 ላይ 1። የተሳሳተ ሕግ ነው፣ ግን ሕግ ነው። «እንዴት አገኘኸው?» ብሎ ያልጠየቀ ሰው በማግሥቱ ስለ መበደር እንደገና ከሥሩ ያስረዳል፤ ልጁም እንደገና 376 ይጽፋል።

እኛ ወጣቱን የምንመዝነው እዚህ ላይ ነው። ልጅ መውደድ ብቻውን አይበቃም፤ ልጅ የሚወዱ ብዙ ሰዎች ያንኑ ስህተት ለአሥረኛ ጊዜ ሲያዩ ትዕግሥታቸው ያልቃል። 376ን አይቶ «ይህ ከየት መጣ?» የሚል፣ ማታም ለነገ ሌላ ጥያቄ የሚያዘጋጅ ወጣት ለሙያው ቅርብ ነው።

በመጨረሻዎቹ ሁለት ሳምንታት ሙሉ ክፍል ይያዝ። ለ40 ደቂቃው የአንድ ገጽ ዕቅድ ይበቃል፤ ለክለሳ 5፣ ለማብራሪያ 10፣ ለልጆቹ ሥራ 15፣ ለማረሚያ 10። ብዙ ጊዜ የሚበላሸው ማብራሪያው ላይ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሲጻፍ ሰዓቱ ያልቃል፤ ስለዚህ ልጆቹ ሳይገቡ ተጽፎ ይጠብቅ። የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ድምፅ ስለማይሰማ፣ በጽሑፍ የሚሠራ መልመጃ ሁልጊዜ በእጅ ይኑር።

ከፒያሳና ከካዛንቺስ ብዙ ቤተሰብ ስለተነሣ የወላጆችን ስልክና አድራሻ ከአሮጌ መዝገብ መቅዳት አያዋጣም፤ በምዝገባ ቀን እንደ አዲስ ይጠየቅ። ልጅ ሁለት ቀን ከቀረ ይደወል። የክፍሉ በር ክፍት ይሁን፤ ማንም ከአንድ ልጅ ጋር ለብቻው አይቀመጥ። ወጣቱ በመምህራን ማረፊያ ክፍል ተቀምጦ ስለ ደመወዝ፣ ስለ ቤት ኪራይና ስለ ታክሲ ሰልፍም ይስማ፤ ይህን ደብቆ መምህር መመልመል በደል ነው።

ክፍለ ከተሞቹ ለአራት ወጣቶች አንድ ነባር መምህር ይመድቡ፤ ለክረምት ሰዓቱም ይክፈሉት። በምስክር ወረቀቱ ፋንታ መምህሩ አንድ ገጽ ይጻፍ፤ ወጣቱ ስንት ቀን እንደተገኘ፣ ልጆቹ ሲጀምሩና ሲጨርሱ ምን ማንበብ እንደቻሉ፣ የትኛውን ዕቅድ ለምን እንደቀየረ። ኮተቤ የትምህርት ዩኒቨርሲቲና ሌሎች ማሠልጠኛዎች አመልካች ሲቀበሉ ይህን ገጽ ከፈተና ውጤቱ ጎን እንዲያዩት እንጠይቃለን።

የመምህራን አሠልጣኞች
ከአራት ኪሎ