ዘጠና ዘጠኙን ለማን ትቶ?

ደብረ ብርሃን፣ የካቲት 2

ይድረስ ለውድ አባቴ፣ መንዝ መሐል ሜዳ

ከሁሉ አስቀድሜ የከበረ ሰላምታዬ ይድረስዎ፤ ለጤናዎ እንደምን ሰንብተዋል? ዓይንዎስ ተሻለዎት? ይህን እህቴ ቀስ ብላ ታንብብልዎ። በስልክ ላወራዎት ብሞክር ኔትወርኩና ጆሮዎ ተባብረው ግማሹን አስቀሩብኝ። ከደቡብ ኦሞ በሰላም ገብተናል። ልጆቹ ደህና ናቸው፤ ትንሿን ቢንቢ ነድፏት እጇ አብጦ ነበር፣ አሁን ተሽሏታል።

የመንገዱን ነገር ልተወው። ከአዲስ አበባ ጂንካ ብቻ ከ700 ኪሎ ሜትር በላይ ነው፤ ከዚያ ደግሞ ወደ ሐመር አገር፣ ወደ ዲመካና ቱርሚ መውረድ አለ። ሸዋ ሮቢት በወረዱ ቁጥር ሙቀቱን ስንት ቀን እንደሚያማርሩ ያስታውሱና የቀረውን ይገምቱት።

የቤተ ክርስቲያን ማኅበሩ አማችዎን ወንጌል እንዲያስተምር ነበር የላከው፤ እኔና ልጆቹ የትምህርት ቤት እረፍት ስለሆነ ተከተልን። ልጆቹ የት/ቤት ልጆች አግኝተው በኳስ በአማርኛ ሲጣሉና ሲታረቁ ዋሉ። የእኔ ጣጣ ከእናቶቹ ጋር ነበር። ትምህርት ቤት ያልገቡት አማርኛ አይሰሙም፣ እኔም የእነሱን አልሰማ፤ ተቀምጠን ፈገግ እንባባላለን። እነሱ ቶሎ መላ አገኙ፦ ትንሿን ጎትተው ሹሩባዋን ፈቱና በቅቤና በቀይ አፈር ለውሰው እንደ ራሳቸው ሠሯት። ትራሷ እስካሁን አልጠራም።

የሐመር ሰው እንግዳ አክባሪ ነው። ጎጆ ገብተን ቁርበት ተነጠፈልን፣ በቅል ሸፈሮ ቀረበ። ሸፈሮ የቡና ገለባ ፍል ነው፤ እርስዎ ቢቀምሱት «ፍሬውን ማን ወሰደው?» ባሉ ነበር። እሱን ጠጣን። ቀጥሎ ወተት መጣ። ዕለቱ ረቡዕ ነው። ትልቁ ልጅ፣ መቼም የእርስዎ ደቀ መዝሙር ነው፣ አፉን በእጁ ከድኖ ወደ እኔ አየ። አስተርጓሚያችን የጂንካ ልጅ፣ የአሪ ብሔረሰብ ሰው ነው፤ ሐመርኛውን ከገበያ ነው የለቀመው። ጾምን በምን ቃል ያስረዳ? ጨነቀውና «ሆዳቸውን አሟቸው ነው» አላቸው። ይኼኔ የቤቱ አሮጊት ብድግ ብለው ወጡ፣ ቅጠል ቆርጠው መጡ፣ ጨምቀውም አቀረቡ። ወተታቸውን እምቢ ብለን መድኃኒታቸውን ደግሞ እምቢ ልንል አልቻልንም። አማችዎ ጠጣ። ኮሶ ነው አሉ ስም የለወጠ። አሮጊቷ ማታም መጥተው ሆዱን ጠየቁት።

ስብከቱ ላይ አማችዎ የሉቃስ 15ን የጠፋውን በግ መረጠ። ስለ ስንዴና እንክርዳድ ከማውራት ማሽላ ለሚዘራና ፍየል ለሚያረባ ሰው ይሄ ይሻላል ብሎ ነው፤ እኔም ደግ አደረግህ ብዬው ነበር። አንድ ሽማግሌ ቦርኮቷቸው ላይ ተቀምጠው (ቀን በርጩማ ሌሊት ትራስ የምትሆን፣ ወንድ ከእጁ የማይለያት እንጨት ናት) እስከ መጨረሻው ሰሙና ጠየቁ፦

«ዘጠና ዘጠኙን ለማን ትቶ ሄደ?»

አማችዎ ከእርስዎ የተማረውን አንድምታ አወጣ፤ ዘጠና ዘጠኙ ነገደ መላእክት፣ የጠፋው አዳም ነው አለ። አስተርጓሚው መጀመሪያ እሱን፣ ቀጥሎ መሬት መሬቱን አየ። የሆነ ነገር ተናገረ፤ ከዚያ ሁሉ ትርጓሜ ሁለት ቃል የተረፈ አልመሰለኝም። ሽማግሌው በትዕግሥት ራሳቸውን ነቀነቁና «እሺ፤ በጎቹንስ ማን ጠበቃቸው?» አሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ እኛ ዞረ። ጅብ ባለበት አገር መንጋ በሜዳ ትቶ የሚሄድ እረኛ ምን ዓይነት እረኛ ነው? አባባ፣ እርስዎም እስከ ድቁናዎ ድረስ በግ ሲያግዱ ያደጉ ነዎት፤ ይህን የኔታን ጠይቀው ያውቃሉ?

ይህን ሁሉ የምጽፈው ለምን መሰለዎት? የደብሩ ወጣቶች ለሚቀጥለው ጉዞ አውቶቡስ ሊከራዩ ገንዘብ እያዋጡ ነው ብላ እህቴ ነግራኛለች። እኔ ገንዘቡ ለአውቶቡስ ባይውል እላለሁ። እኛ ሄደን ዘምረን ፎቶ ተነሥተን እንመለሳለን፤ ሽማግሌው ጥያቄያቸውን ይዘው እዚያው ናቸው። በ1839 እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር አንኮበር ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዘንድ የመጣው ያ ጀርመናዊ ሚስዮናዊ ክራፕፍ፣ ሃይማኖቱን ይተዉትና፣ እዚሁ ሸዋ ተቀምጦ ኦሮምኛ አጥንቶ ከወንጌሉ ሲተረጉም ነበር። አቡነ ተክለ ሃይማኖትስ ከቡልጋ ተነሥተው ዳሞት ሲወርዱ በምን ቋንቋ ተናገሩ? ገድሉን ስንት ጊዜ አንብበውልናል፤ እስቲ ይህን ደግሞ ይንገሩኝ።

ቱርሚ አንድ ልጅ አለ፤ ስምንተኛ ክፍል የጨረሰ፣ የተጠመቀ፣ አማርኛው ከእኛ ልጆች የማይተናነስ። አብነት ትምህርት መማር ይፈልጋል። የወጣቶቹ ገንዘብ ቀለቡን ይችላል። ማደሪያው እርስዎ ቤት ያለው የእኔ ክፍል ቢሆንስ? ባናው፣ የሱፉ ብርድ ልብስ፣ አሁንም ሣጥኑ ውስጥ ነው፤ ብርዱን ግን አስቀድሜ ነግሬዋለሁ። የገብሱን ቂጣ ገፋ ቢያደርገው አይቀየሙት፤ «ሆዱን አሞት ነው» ይበሉ። አባቱ ገና አልፈቀዱም፤ ከብቱን ማን ይጠብቃል ብለው ይዘውታል። አማችዎ ሊለምናቸው ለፋሲካ ተመልሶ ይወርዳል።

ስለዚህ ቁርጡን ከዚያ በፊት ይላኩልኝ። እንደ ልማድዎ «እግዚአብሔር ያውቃል» ብለው እንዳያሳድሩኝ፤ እሺ ወይ እምቢ ይበሉኝ። ወጣቶቹንም ጠርተው ያነጋግሯቸው፤ ከእኔ አፍ ከሚሰሙት ከእርስዎ ቢሰሙት ይሻላል። የዓይን ጠብታዎን ለመሐል ሜዳ ሹፌር ሰጥቻለሁ፤ ቅዳሜ መናኸሪያ እህቴ ትቀበለው።

ልጅዎ