ስም ጠርቶ መቅዳት ፈቃድ አይሆንም

ይድረስ ለዝግጅት ክፍሉ፣

የፊልም ፕሮፕ፣ ማለትም በፊልም ውስጥ የሚታዩ ዕቃዎችን፣ አስመስለው ስለሚሠሩ ሰዎች ያወጣችሁትን ጽሑፍ አንብቤዋለሁ። ከተጠያቂዎቹ አንዱ «ሁላችንም የምንቀዳው ከፊልም ነው፤ እርስ በርስ ብንቀዳዳ ምን ይደንቃል?» ሲል ጸሐፊው ዝም ብሎ አልፎታል። መልስ ሊሰጠው ይገባ ነበር።

አንድን የራስ ቁር በፊልም አይቶ፣ ፎቶ አሰባስቦ፣ ልኩን ከተዋናዩ ፊት አስልቶ፣ በክሌይ (በሚቀረጽ ጭቃ) የሚቀርጽ ሰው የወሰደው መልኩን ነው። የዚህን ሰው የሬዚን (ፈሶ የሚጠነክር ፕላስቲክ) ቅጂ ገዝቶ፣ ሲሊኮን (ጎማ መሰል ነገር) አፍስሶበት፣ ከሚያወጣው ፎርማ (የመቅጃ ቅርጽ) እያባዛ የሚሸጠው ግን የቀራጩን ድካም ወስዷል። ለቀራጩ ወራት የፈጀበትን፣ ግራና ቀኙን ለማመጣጠን ብቻ ደጋግሞ ያፈረሰውን ሥራ፣ ገልባጩ በአንድ ቅጂ፣ በጥቂት ኪሎ ሲሊኮንና በሁለት ቀን ይጨርሰዋል። ዋጋውን ዝቅ ማድረግ የሚችለውም ለዚህ ነው።

ሕጉን መከታ ማድረግ ብዙም አያዋጣም። የእንግሊዝ ጠቅላይ ፍርድ ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 የ«ስታር ዋርስ» ፊልም ባለቤት በሆነው በሉካስፊልምና የራስ ቁሮቹን ለፊልሙ ሠርቶ በኋላ ቅጂ በሸጠው በአይንስወርዝ ክርክር ላይ የፊልሙ ወታደሮች የራስ ቁር በዚያ አገር ሕግ «ቅርጻ ቅርጽ» አይባልም፣ ስለዚህም እንደ ቅርጻ ቅርጽ የቅጂ መብት የለውም ብሎ ወስኗል። በዚያው ፍርድ ግን በአሜሪካ የቅጂ መብት ላይ የተመሠረተውን ክስ የእንግሊዝ ፍርድ ቤት ሊያየው እንደሚችል ተናግሯል። አንዱ አገር የለቀቀውን ሌላው ይይዛል ማለት ነው። ደግሞም የፊልም ኩባንያው መብት ጠነከረም ላላ፣ ገልባጩ በቀራጩ ሥራ ላይ ፈቃድ አያገኝበትም።

የተገለበጠ ቅጂ እንዴት ይታወቃል? መጀመሪያ መጠኑ ይለካል። በቆርቆሮ ውህድ የሚጠነክር ሲሊኮን ሲደርቅ በጥቂቱ ይሰበሰባል፤ በፕላቲነም የሚጠነክረው መሰብሰቡ እዚህ ግባ የሚባል አይደለም። ሬዚኑም እንደ ዓይነቱና እንደ ውፍረቱ የራሱን ይቀንሳል። ሁለቱ ተደምረው 1 በመቶ ቢደርሱ፣ 280 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው የራስ ቁር 3 ሚሊሜትር በሚጠጋ ያጥራል፤ ከቅጂው ሌላ ቅጂ ሲወጣ ጉድለቱ እጥፍ ይሆናል። ለዋናው ልክ የተቆረጠ 200 ሚሊሜትር የዓይን መከለያ በተገለበጠው ላይ አልገባ የሚለው ለዚህ ነው።

ነገር ግን በመጠን ብቻ ማንንም መክሰስ አይገባም። ብዙ ሐቀኛ ሠሪዎች ዋናውን ክሌይ አንዴ ብቻ ቀድተው፣ ያንን የመጀመሪያ ቅጂ አጽድተው፣ የመሸጫውን ፎርማ ከእሱ ላይ ያወጣሉ፤ ስለዚህ የራሳቸው ሥራም ትንሽ ያነሰ ይሆናል። በሁለት ሰዎች ሥራ መካከል ያለ መመሳሰልም ማስረጃ አይደለም፤ ሁለቱም ያዩት ያንኑ ፎቶ ነውና።

ማስረጃው ስህተቱ ነው። ሲሊኮን ሲፈስ ከቅርጹ ጋር ተጣብቆ የቀረ የአየር አረፋ በፎርማው ውስጥ ጉድጓድ ይተዋል፤ ሬዚኑ ያንን ሲሞላ ቅጂው ላይ የመርፌ ራስ የምታህል እብጠት ትወጣለች። በሬዚኑ ውስጥ የቀረ አረፋ ደግሞ ቀዳዳ ይሆናል። እብጠቷ ያንኑ ፎርማ ተከትላ በየቅጂው ትመጣለች፤ ቀዳዳው ግን የአንዱ ቅጂ ብቻ ነው። ስለዚህ የአንድ የተወሰነ ቅጂ ቀዳዳ በሌላ ሻጭ ዕቃ ሁሉ ላይ፣ በዚያው ቦታ፣ በዚያው ቅርጽ ከታየ፣ ሻጩ ፎርማውን ያወጣው ከዚያ ቅጂ ላይ ነው። የብርጭቆ ወረቀት ጭረትም እንዲሁ ይቀዳል። የፎርማው መጋጠሚያ መስመርም ያጋልጣል፦ የቀድሞው ተፍቆ ደብዝዞ ይታያል፣ አዲሱ ደግሞ በሌላ በኩል ያልፋል። ጠንቃቃ ቀራጮች በውስጠኛው ገጽ ላይ ትንሽ ምልክት የሚያስቀምጡት ይህን አስበው ነው። ገልባጩ ምልክቱን በስቱኮ ይደፍናል፤ ደፍኖም ዙሪያው ይለሰልሳል፣ ጎን ለጎን ሲያዩት ይታወቃል።

በ3ዲ ስካነር (የዕቃውን ቅርጽ ለክቶ ወደ ኮምፒውተር ፋይል በሚለውጥ መሣሪያ) የተቀዳውን መለየት ይከብዳል፤ አይሰበሰብም፣ አረፋም የለውም። እዚህ ሁለቱን ፋይሎች አደራርቦ ልዩነታቸውን መለካት ነው። ነፃ ሶፍትዌር ይሠራዋል። የጨርቅ እጥፋት ወይም የፊት መጨማደድ በሁለት ቀራጮች እጅ ተሠርቶ በሁሉም ቦታ ከ0.1 ሚሊሜትር በታች ሊገጣጠም አይችልም። በፋይሉ ውስጥ የቅርጹ ገጽ የተሠራባቸውን ትንንሽ ሦስት ማዕዘኖች ቁጥር መቀየርም ይህን አይሸፍነውም።

አሁን ወደ ስም መጥቀሱ። «በእገሌ ሥራ ተነሳስቼ» የሚለው ለማንም አይጠቅም። ጥሩ ምስጋና ሥራውን ይለያል፦ «ቅርጹ የእገሌ፣ ፎርማውና ሬዚኑ የእገሊት፣ የመብራቱ ሽቦ ከእገሌ ንድፍ ተሻሽሎ፣ ቀለሙና አሮጌ ማስመሰሉ የእኔ።» ቀለም ቀቢው ራሱን ዝቅ ማድረግ የለበትም፤ ዝገትን በሚያሳምን መልኩ መቀባት ትልቅ ሙያ ነው። በክሬቲቭ ኮመንስ ፈቃድ (ሠሪው ሌሎች በሥራው በምን ሁኔታ እንደሚጠቀሙ አስቀድሞ የሚፈቅድበት) የተለቀቀ ፋይል ሲሆን የሠሪውን ስም፣ የፋይሉን ምንጭ፣ የፈቃዱን ዓይነትና የተደረገውን ለውጥ መጻፍ ያስፈልጋል። ፈቃዱ ለንግድ አይውልም ካለ ደግሞ ስም ጠቅሶ መሸጥ አይቻልም፤ በ3ዲ ማተሚያ አትሞ፣ ፈቅፍቆ፣ ቀብቶ ሳምንት መልፋትም ይህን አይለውጠውም። ጠይቆ ፈቃድ ማግኘት ይቻላል፤ ቀራጩ ዝም ካለ ግን ዝምታው እሺታ አይደለም።

ከሁሉ የሚረሳው በፊልሙ የሚታየው ዕቃ ከምን እንደተሠራ የሚያጠናው ሰው ድርሻ ነው። እ.ኤ.አ. በ1977 በወጣው በዚያው በ«ስታር ዋርስ» ፊልም የብርሃን ሰይፉ እጀታ የተሠራው ከግራፍሌክስ ካሜራ የፍላሽ መያዣ ነበር። እንዲህ ያለውን ዕቃ ከደበዘዘ ምስል የሚለይ ሰው ብዙ ምሽቶችን ይሰዋል። ልኩ ራሱ የማንም ንብረት አይደለም፤ ንድፉን ግን የሣለው አለ፣ ግኝቱንም ያገኘው አለ።

ለራስ የተገዛ ቅጂ አንድ ቁራጩ ቢሰበር መለዋወጫ ቀድቶ መጠገን በእኔ ግምት ነውር የለውም። ሠሪው ሥራውን ካቆመ፣ ወይም ከጠፋ፣ ለራስ መቅዳት ይሁን፤ መሸጥ ግን አይገባም።

ለዝግጅት ክፍሉ አንድ ጥያቄ አለኝ። ከጽሑፉ ጋር ባወጣችኋቸው ፎቶዎች ግርጌ ያለው የአንድ አንድ ሰው ስም ብቻ ነው። በሚቀጥለው ጊዜ ፎቶውን ለሰጣችሁ ሰው «ቅርጹ የማን ነው? ፎርማውስ?» ብላችሁ ጠይቁና ያገኛችሁትን አብራችሁ አትሙ።

ከአክብሮት ጋር፣
ፕሮፕ ሠሪ የሆነ አንባቢ