የሐረር ትልልቅ ቤቶች ታሪክ ድሬዳዋ ለገሃር ሳይደርስ አያልቅም

ይድረስ ለተከበራችሁ የዝግጅት ክፍሉ ባልደረቦች፣

ስለ ሐረር ትልልቅ ቤቶች የሚወጣ ጽሑፍ ካየሁ ሳላነብ አላልፍም። በተለይ ጀጎል ውስጥ ስላለው የራምቦ ቤት የሚጻፈው ነገር ደስ ይለኛል። ባለቀለም መስታወቱ፣ የእንጨት ሥራው፣ ከላይ ሆኖ የሚታየው ከተማ ሁሉ በደንብ ይገለጻል። ታሪኩ ግን ሁልጊዜ ጀጎል ውስጥ ይጀምርና እዚያው ያልቃል። ቁልቁል ወርዶ ድሬዳዋ ለገሃር፣ ባቡር ጣቢያው ድረስ፣ አይደርስም። የባቡር ሠራተኛ ልጅ ነኝና ይሄ ነገር ያንገበግበኛል።

እስቲ ከቤቱ ልነሳ። ፈረንሳዊው ገጣሚ አርተር ራምቦ ሐረር የመጣው በ1873 ዓ.ም. ነው። ግጥሙን ትቶ ነጋዴ ሆኖ ነበር። ቡናና ቆዳ ይነግድ ነበር፤ በኋላም ለንጉሥ ምኒልክ ጠመንጃ አምጥቶ ሸጧል። ዛሬ በስሙ የምንጠራው ቤት ግን እሱ ከሞተ በኋላ አንድ ህንዳዊ ነጋዴ ያሠራው ነው። ይህን መናገር የቤቱን ክብር አይቀንስም። እንዲያውም የበለጠ ያስጠይቃል። የሩቅ አገር ነጋዴ ሐረር ላይ እንዲህ ያለ ቤት የሚያሠራ ገንዘብ ከየት አገኘ? ከንግዱ ነዋ። ንግዱ ደግሞ መንገድ ይፈልጋል።

መንገዱ ምን ይመስል እንደነበር ራምቦ ራሱ ምስክር ነው። በ1883 ዓ.ም. ጉልበቱን ታሞ መራመድ አቃተው። አሥራ ስድስት ተሸካሚዎች በቃሬዛ ይዘውት ከሐረር ወደ ዘይላ ወደብ ወረዱ። በረሃውን ለማቋረጥ ወደ 12 ቀን ገደማ ፈጀባቸው። ዝናብ መታው፤ ሕመሙም ባሰበት። ማርሴይ ሲደርስ እግሩ ተቆረጠ፤ በ1884 ዓ.ም. መጀመሪያ ላይ በ37 ዓመቱ ሞተ። ከሐረር ወደ ባሕር መውረድ ማለት ያኔ ይህ ነበር። ጤነኛውም ቢሆን በግመልና በበቅሎ ብዙ ቀን ይጓዝ ነበር።

አሁን ደግሞ ብዙ ሰው ልብ ወደማይለው ነገር ልምጣ። ራምቦ ከሐረር ሆኖ በንግድ ጉዳይ ይጻጻፋቸው ከነበሩት ሰዎች አንዱ ስዊዘርላንዳዊው መሐንዲስ አልፍሬድ ኢልግ ነው። የምኒልክ አማካሪ የነበረው ኢልግ ማለት ነው። በ1886 ዓ.ም. የባቡሩን ሥራ ፈቃድ ከምኒልክ የተቀበለው እሱ ነው። ከፈረንሳዊው ሌዮን ሼፍኖ ጋር ሆኖ ኩባንያ አቋቋመ። በ1890 ዓ.ም. ሥራው ከጂቡቲ ተጀመረ። የሐረሩ ነጋዴና የባቡሩ ሰው በደብዳቤ የሚገናኙ የሥራ ወዳጆች ነበሩ። ታዲያ ታሪካቸው እንዴት ለየብቻ ይነገራል?

የመጀመሪያው እቅድ ባቡሩ ሐረር እንዲገባ ነበር። ተራራው አላስገባም አለ። ሐረር ከባሕር ወለል በላይ ወደ 1,900 ሜትር ገደማ ላይ ናት። ድሬዳዋ ያለችበት ሜዳ ከ1,200 ሜትር ብዙም አይርቅም። ያንን አቀበት በሃዲድ መውጣት እጅግ ውድ ነው፤ ኩባንያው ደግሞ ከመነሻው ገንዘብ አልነበረውም። ስለዚህ ሃዲዱ ከታች ቀረ፤ ከተማዋም እሱን ተከትላ በቀለች። በታኅሣሥ 1895 ዓ.ም. ባቡሩ ሲደርስ ቦታው «አዲስ ሐረር» ተባለ። ድሬዳዋ እንግዲህ ባቡሩ የወለዳት የሐረር እህት ናት።

ከዚያ ሁሉም ነገር ቆመ። ኩባንያው ከሰረ። እንግሊዝ፣ ፈረንሳይና ጣሊያን በሃዲዱ ላይ ተጓተቱ። ሌላ ኩባንያ ተተክቶ ባቡሩ አዲስ አበባ የገባው በ1909 ዓ.ም. ነው። በመሀል ሃዲዱ ለዓመታት ከድሬዳዋ አላለፈም። የከተማዋ መልክ የተቀረጸው በእነዚያ ዓመታት ነው። ጣቢያው፣ አቴሊየው (የባቡሩ ጥገና ወርክሾፕ)፣ መጋዘኖቹና የሠራተኛው ቤቶች እዚህ የሆኑት ባቡሩ ብዙ ስለቆየብን ነው። የከዚራ ሰፈርም ቀጥ ያሉ መንገዶቿንና ዛፎቿን ያገኘችው ከባቡሩ ሰዎች ነው። ከደቻቱ ወንዝ ማዶ መጋላ የምትባለው ሰፈር በራሷ መንገድ አደገች። ግሪኩ፣ አርመኑ፣ ህንዱ፣ ዓረቡ ሱቁን ከፈተ።

አቴሊየው ውስጥ አባቴ ቶርኖ በሚባለው የብረት መቅረጫ ማሽን ላይ ይሠራ ነበር። እዚያ ግቢ የገባ ሰው ዝም ብሎ ያረጀ ብረት አይቶ አይወጣም። መለዋወጫ ከፈረንሳይ እስኪመጣ መጠበቅ ስለማይቻል ብዙው እዚያው ይቀልጥ፣ ይቀጠቀጥ፣ ይቦረቦር ነበር። የድሬዳዋ ልጅ የብረት ሥራን የተማረበት ትምህርት ቤት ያ ነው። የከተማችን ሜካኒኮች ስማቸው በአገር ሁሉ የታወቀው በከንቱ አይደለም።

ሌላም ትልቅ ቤት ሐረር ውስጥ አለ፤ የራስ ተፈሪ ቤት። ይህም በህንድ ስልት የተሠራ ነው። ደጃዝማች ተፈሪ የሐረር ገዥ ሳሉ ወይዘሮ መነንን በ1903 ዓ.ም. አግብተው የጫጉላ ጊዜያቸውን እዚያ እንዳሳለፉ ይነገራል። ያ ሙሽራ ንጉሠ ነገሥት ሆኖ፣ በሚያዝያ 1928 ዓ.ም. ጣሊያን ሲገፋ፣ ወደ ስደት የሄደው በባቡር ነው። በዚሁ በእኛ ጣቢያ አልፎ ጂቡቲ ወረደ። ቤቱን ብቻ የጎበኘ ሰው የታሪኩን መጀመሪያ ያያል፤ መከራው የት እንዳለፈ ማየት ከፈለገ ለገሃር መምጣት አለበት። ሁለቱ ከተሞች የሚራራቁት 55 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። በሚኒባስ ደርሶ መልስ ነው።

የራስ ተፈሪ ቤት ለረጅም ጊዜ ቤተሰቦች ይኖሩበት ነበር። ዛሬ ሙዚየም ነው፤ የድሮ ጽሑፎች፣ ሳንቲሞችና አልባሳት ተሰብስበውበታል። ቤቱ ሥራ አገኘ፤ ስለዚህ ሰው ይገባበታል፣ ይጠገናል። የድሬዳዋው ጣቢያ ግን ሥራውን አጣ። አዲሱ ባቡር በ2009 ዓ.ም. ሲመረቅ ጣቢያው ከከተማ ውጭ ሆነ። የድሮው ሃዲድ ስፋት 1 ሜትር ነው፤ የአዲሱ 1.435 ሜትር። አዲሱ ባቡር ቢፈልግም በአሮጌው መንገድ አይሄድም። ስለዚህ የድሮው ግቢ ራሱን የቻለ ሌላ ሥራ ካልተሰጠው ቀስ በቀስ ያልቃል።

ሐረር ጀጎል በሐምሌ 1998 ዓ.ም. በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆነ። በዚያው ወር ማለቂያ ላይ ደቻቱ ሞልቶ ከ200 በላይ ወገኖቻችንን ወሰደ። ያኔ ድሬዳዋ ስለ ሕንፃ የምታስብበት ልብ አልነበራትም፤ ማንም አይፈርድባትም። ግን ከዚያ ወዲህ ብዙ ዓመት አልፏል።

የምጠይቀው ግልጽ ነው። ጣቢያው፣ አቴሊየውና የሠራተኛው ቤቶች በአንድነት ይመዝገቡ። ጣቢያውን ብቻ ቀለም ቀብቶ ቶርኖውን በኪሎ መሸጥ ቅርስ መጠበቅ አይባልም። በፈረንሳይኛ የተጻፉት የድሮ መዝገቦች ደረቅ ቦታ ይቀመጡ፣ ይነበቡ። ከሁሉ በላይ ግን ጡረታ የወጡት ሠራተኞች በሕይወት ሳሉ ይቀረጹ። ማሽኑ እንዴት እንደሚነሳ የሚያውቁት እነሱ ናቸው። ተከፍሏቸው አስጎብኚም አስተማሪም ቢሆኑ ወጣቱ ይጠቀማል። ሐረር የሚመጣው ጎብኚም አንድ ቀን ጨምሮ እዚህ ያድራል።

እናንተም ስለ ሐረር ቤቶች ስትጽፉ አንድ ጋዜጠኛ ወደ ድሬዳዋ ላኩልን። የአባቴን የሥራ ጓደኞች አገናኘዋለሁ። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ ይከብዳል፤ ጠዋት ቢመጣ ይሻላል።

ከአክብሮት ጋር፣
የባቡር ሠራተኛ ልጅ
ከከዚራ፣ ድሬዳዋ