ለሞዴል ታንክ ሠሪዎች የጋራ ወርክሾፕ፦ ከኮምቦልቻ የድጋፍ ጥሪ

ሰላም ናችሁ ወገኖቼ። ደሴም ኮምቦልቻም ሐይቅም ያላችሁ፣ አዲስ አበባም ጅዳም ዱባይም የምትኖሩ የወሎ ልጆች፣ ይቺን እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ። በሪሞት ለሚሄዱ ሞዴል ታንኮች የብረት አካል እየሠራን የምንገጣጥም ልጆች ኮምቦልቻ ላይ የጋራ ወርክሾፕ ልንከፍት ነው። ቤቱ ተገኝቷል። የጎደለን ዕቃ ነው፣ ዕቃው ደግሞ አንድ ሰው ብቻውን የሚችለው አይደለም።

ነገሩ አዲስ ለሆነባችሁ ላስረዳ። ከውጭ የሚመጣው ሞዴል ታንክ፣ በተለይ ዋጋው ቀነስ ያለው፣ አብዛኛው አካሉ ፕላስቲክ ነው። ሰንሰለቱ ፕላስቲክ፣ ሰንሰለቱን የሚነዳው ጥርስ ፕላስቲክ፣ ብዙ ጊዜ ጊርቦክሱም ፕላስቲክ። ሳሎን ምንጣፍ ላይ ሲሄድ ያምራል። የእኛ ሰፈር ኮረኮንች ላይ ስታወጡት ግን ጠጠር በሰንሰለቱና በጥርሱ መሀል ይገባል፣ ሞተሩ ይታገላል፣ ጥርሱ ይበላል። መለዋወጫ እዚህ ገበያ ላይ አናገኝም። ስለዚህ ራሳችን እንሠራዋለን፤ ከናስ፣ ከአሉሚኒየም፣ ከላሜራ።

ብረት የምንመርጠው ለጥንካሬው ብቻ አይደለም። ሞዴሉ 1/16 ነው ሲባል ርዝመቱም ስፋቱም ቁመቱም በ16 ተካፍሏል ማለት ነው። ክብደቱ ግን ሦስት ጊዜ በ16 ስለሚካፈል 4,096 ጊዜ ይቀንሳል። ቲ-55ን ውሰዱ፣ እኛ አገር በደንብ የሚታወቀውን። እውነተኛው ወደ 36 ቶን ነው፤ በ1/16 ሲሰላ 9 ኪሎ ገደማ ይመጣል። ፕላስቲኩ ከዚያ በጣም ስለሚያንስ ድንጋይ በነካ ቁጥር ይዘላል። በብረት የተሠራው ግን ይረጋል፤ ጉብታ ሲወጣ አፍንጫው ቀስ ብሎ ይነሳል፣ ሲወርድ ጎማዎቹ አንድ በአንድ መሬቱን ይይዛሉ። ይሄንን ያየ ልጅ ወደ ፕላስቲክ አይመለስም። መቅደላ ላይ ያለው የአፄ ቴዎድሮስ ሴባስቶፖል ወደ 7 ቶን ነው የሚባለው፤ በዚሁ ስሌት 1.7 ኪሎ ይሆናል። ከወርክሾፑ የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እሱ እንዲሆን ተስማምተናል። ወሎ ላይ ብረት እየሠሩ ሴባስቶፖልን መዝለል አይሆንም።

ሥራው ቅደም ተከተል አለው። ጀማሪ ሁሉ የሚጓጓው ለብረት ሰንሰለት ነው፣ ግን ከባድ ሰንሰለት በፕላስቲክ ጊርቦክስ ላይ መጫን ጊርቦክሱን መግደል ነው። መጀመሪያ ጊርቦክስ፣ ቀጥሎ ነጂው ጥርስና የጎማ ክንዶቹ ከነኩሽኔታቸው፣ ሰንሰለቱ መጨረሻ። ቲ-55 በአንድ ጎን ብቻ ወደ 90 የሚጠጉ የሰንሰለት ቁራጮች አሉት። ሁለቱ ጎን ሲደመር 180 አካባቢ መሆኑ ነው፤ የሁሉም ቀዳዳ እኩል ካልሆነ ሰንሰለቱ ይጣመምና ታንኩ ወደ አንድ ጎን ይጎትታል። በእጅ በተያዘ ትራፓኖ ይሄ አይሆንም።

ማያያዙ ደግሞ ራሱን የቻለ ጥበብ ነው፣ እኔ በጣም የምወደውም እሱን ነው። ናስ ከናስ በሁለት መንገድ እናያይዛለን። አንዱ ተራው ስታኞ ነው፣ ቆርቆሮና እርሳስ ተቀላቅሎበት በ183 ዲግሪ የሚቀልጠው። ለመብራት ሽፋን፣ ለእጀታ፣ ለትናንሽ ጌጥ ይበቃል። ጉልበት የሚሸከም ቦታ ላይ ግን አይታመንም። እዚያ የብር ብየዳ፣ ማለትም ብር የተቀላቀለበት ዘንግ አቅልጦ ማያያዝ፣ ያስፈልጋል። እሱ ከ600 ዲግሪ በላይ ሙቀት ይፈልጋል፣ ናሱ ራሱ ደግሞ 900 አለፍ ሲል ይቀልጣል፤ ስለዚህ እሳት የያዘ ሰው ዓይኑን ከብረቱ ቀለም ላይ ማንሳት የለበትም። አንጥረኞች ብር ሲያያይዙ ቦራክስ የሚባለውን ነጭ ዱቄት የሚያደርጉት ብረቱ ሲግል ላዩ ላይ የሚፈጠረውን ልባስ እንዲያሟሟላቸው ነው፣ ያኔ ብሩ ፈስሶ መገጣጠሚያው ውስጥ ይገባል። በሁለቱ ቁራጮች መሀል የሚተወው ክፍተት 0.1 ሚሊ ሜትር ወይም ከዚያ በታች ነው። ከሰፋ ብሩ አይሳብም። ደግሞ ሁልጊዜ ትልቁ ሙቀት ይቀድማል፣ ስታኞ ይከተላል፤ ከተገለበጠ ቀድሞ የተያያዘው ሁሉ ይረግፋል። አሉሚኒየም ሌላ ጠባይ አለው። ላዩን የሸፈነው ስስ ኦክሳይድ ከ2,000 ዲግሪ በላይ ካልሆነ አይቀልጥም፣ አሉሚኒየሙ ራሱ ግን በ660 ይቀልጣል፣ በተራ ስታኞ ልያዝህ ብትሉት እሺ አይልም። እሱን በ2 እና በ3 ሚሊ ብሎን ነው የምናስረው።

ይሄ ሁሉ ቪዲዮ በማየት ብቻ አይለመድም። ጎንህ የቆመ ሰው «አሁን! እሳቱን አንሳ!» ሲልህ ነው የሚገባህ። የጋራ ቤት የፈለግነው ለዚህ ነው።

አንድ ነገር በግልጽ ላንሳ። በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ደሴንም ኮምቦልቻንም አግኝቷቸዋል፣ እዚህ ያደገ ልጅ ያንን ጊዜ ያስታውሰዋል። «ከዚያ ሁሉ በኋላ ደግሞ ታንክ?» ብለው የጠየቁን እናቶች አሉ። ጥያቄያቸው ልክ ነው፣ ተነጋግረንበታል። የተኩስ ድምፅ የሚያሰማም ሆነ ጥይት መሰል ነገር የሚወረውር ሞዴል ወርክሾፑ ውስጥ አይሠራም። ያው ባለሰንሰለት ሻሲ ፊቱ ላይ ምላጭ ሲገጠምለት ዶዘር ይሆናል፣ ክንድ ሲገጠምለት ኤክስካቫተር ይሆናል፣ ልጆቹም ወደዚያ እያደሉ ነው፣ እኔም ደስ ብሎኛል። ኮምቦልቻ የፋብሪካ ከተማ ናት። ዛሬ በካሊፐር እየለካ የሚቆርጥ ልጅ ነገ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ላይ ቢቆም እንግዳ አይሆንበትም።

«ልጄን ቀጥቃጭ ልታደርጉት ነው?» ያሉንም አልጠፉም። አፄ ምኒልክ ባለ እጅ በሙያው እንዳይሰደብ አዋጅ ያስነገሩት በ1900 ዓ.ም. ነው። ከመቶ ዓመት በኋላም ይሄ ንግግር ከቤታችን አለመውጣቱ ያሳዝነኛል።

አሁን የምንፈልገውን ልንገራችሁ። ከሁሉ በፊት ትንሽ ቶርኖ (ብረት እያሽከረከረ የሚቀርጽ ማሽን)፣ ያገለገለም ቢሆን እሰየው ነው። ቀጥሎ ጠረጴዛ ላይ የሚቆም ትራፓኖ፣ ሞርሳ፣ ካሊፐር፣ ደቃቅ ሞረዶች፣ የጋዝ ሲሊንደር ከነማቃጠያው፣ የእሳት ማጥፊያና ጭሱን የሚያወጣልን ፋን። ፋኑን እንደ ቅንጦት እንዳታዩብን፣ የብየዳ ጭስ ለልጅ ሳንባ አይሆንም። ቁርጥራጭም እንቀበላለን፦ አሮጌ የናስ የቧንቧ ራስ፣ የተሰበረ ቁልፍ፣ ከበርና መስኮት ሠሪዎች የሚተርፍ አሉሚኒየም። የጥይት ቀለሃ ግን በምንም ዓይነት አታምጡብን። ጥሩ ናስ መሆኑን እናውቃለን፣ ነገር ግን ቀለሃ እንቀበላለን ከተባለ ልጆች ሜዳ ወጥተው መልቀም ይጀምራሉ፣ ያልፈነዳ ነገር ደግሞ እዚያው አብሮ ሊኖር ይችላል።

ከጅዳም ከዱባይም ለመምጣት ሻንጣ የምታዘጋጁ፣ የብር ብየዳ ዘንግና ትናንሽ ኩሽኔታዎች ቦታ አይፈጁባችሁም። ዘንጉ ላይ ካድሚየም የሌለበት መሆኑ መጻፉን እዩልን፣ የካድሚየም ጭስ መርዝ ነው። ቶርኖ ላይ ዕድሜያችሁን ያሳለፋችሁ ጋሼዎች፣ አንጥረኞችም፣ ከገንዘባችሁ በላይ እጃችሁን ነው የምንፈልገው። በወር አንድ ቅዳሜ ከሰዓት ብትመጡልን ይበቃል፣ ቡናው ከእኛ ነው።

ገንዘብ ለምትሰጡ፣ ትንሽ ነው ብላችሁ አትፈሩ፣ አብሽሩ። እንደ እቁብ ነው የያዝነው፦ ገቢና ወጪው በመዝገብ ይጻፋል፣ ሦስት ሰው ይፈርማል፣ የእያንዳንዱ ዕቃ ደረሰኝ ፎቶ ተነስቶ ለሰጪዎቹ ሁሉ ይላካል። የተገዛው ዕቃ የማንም የግል አይደለም። ሥራው ቢቋረጥ እንኳ ለቴክኒክና ሙያ ተማሪዎች እንዲሰጥ ጽፈን ፈርመናል።

መስጠት የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልን። ቶርኖም ሆነ ሞርሳ ያላችሁ ግን ቀድማችሁ አሳውቁን፣ ጠረጴዛውን ከመበየዳችን በፊት የዕቃውን ልክ ማወቅ አለብን።