ለሃርሜ ቤት፦ ለጅማ ነዋሪዎችና ከጅማ ርቃችሁ ላላችሁ ወገኖች የቀረበ የድጋፍ ጥሪ

በጅማ ከተማ፣ በአዌቱ ወንዝ ዳር ባለው መንደራችን፣ ከሠላሳ ዓመት በላይ ወላጅ ያጡ ልጆችን ሲያሳድጉ የኖሩት እናታችን ባለፈው ግንቦት ወር ከዚህ ዓለም በሞት መለየታቸውን ብዙዎቻችሁ ሰምታችኋል። ድንኳን ለተከላችሁ፣ ንፍሮ ለቀቀላችሁ፣ ሌሊቱን አብራችሁን ላደራችሁና ከሩቅ በስልክ ላጽናናችሁን ሁሉ ፈጣሪ ብድራችሁን ይክፈል። ዛሬ የምንጽፍላችሁ እርሳቸው በአደራ ትተዋቸው ስለሄዱት ስድስት ልጆችና በዚህ ክረምት የጀርባ ግድግዳው ስለፈረሰው ቤት ነው። ቤቱን ዝናቡ ሳይመለስ ከመሠረቱ አድሰን ልጆቹን ሳይለያዩ እዚያው ለማኖር ሥራ ጀምረናል፤ የቀረውን በገንዘብ፣ በዕቃ ወይም በጉልበት እንድታግዙን በአክብሮት እንጠይቃለን።

ግማሹ መንደር «እማማ»፣ ግማሹ ደግሞ በኦሮምኛ «ሃርሜ» ይላቸው ነበር፤ ሁለቱም ያው እናት ማለት ነው። እርሳቸው ያሳደጉን ልጆች ግን ቤት ውስጥ አንቺ ነበር የምንላቸው፤ ከመካከላችን ትምህርት ቤት ገብቶ ጨዋነት የተማረው አንቱ ማለት ሲጀምር ምን በድዬህ ነው የራቅኸኝ ብለው ይቀየሙ ነበር። ለአደባባይ በሚጻፍ ጽሑፍ የሚገባቸውን አንቱታ መንፈግ ስለሚከብደኝ እርሳቸው እያልሁ እቀጥላለሁ፤ ሲያነቡት የሚቀየሙ ቢሆን ኖሮ ደስ ባለኝ ነበር።

መተዳደሪያቸው ቡና ለቀማ ነበር። በመጋዘን ውስጥ ከሌሎች ሴቶች ጋር መሬት ላይ ተቀምጠው ጥቁሩን፣ የተሰበረውንና በነፍሳት የተበሳውን ፍሬ ከደህናው እየለዩ ይውላሉ፤ ማታ ደግሞ ለሻይ ቤቶች የሚሸጥ እንጀራ ይጋግራሉ። የመጀመሪያዋ ልጅ ወደ ቤታቸው የገባችው ከዚያው ከለቀማው ነው። ከዳውሮ መጥታ አብራቸው ትለቅም የነበረች አንዲት ወጣት እናት ታማ ስትሞት የአራት ዓመት ሕፃን ትታ ነበርና ዘመድ እስኪገኝ ብለው ወሰዷት። ዘመድ ለማግኘት ሁለት ዓመት ፈጀ። አጎቷ በመጨረሻ ሲመጣ ልጅቱ መልኳ ተለውጦ፣ ቋንቋዋንም ረስታ ስለነበር አላወቃትም፤ የለየው እናትየዋ አስራባት የነበረውንና ሃርሜ ሳይጥሉ ያስቀመጡትን የክር አንባር አይቶ ነው።

ከዚያ ቀን ወዲህ ልጅ በመጣ ቁጥር የሚያደርጉት ነገር አንድ ሆነ። በማግስቱ ቀበሌ ወስደው ያስመዘግባሉ፤ ከዚያ ልጁ ለብሶት የመጣውን አጥበው፣ አጣጥፈው፣ በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ያስቀምጣሉ፤ ከዚያ ደግሞ በባለ ሃምሳ ሉክ ደብተር ላይ ይጽፋሉ። ፊደል የቆጠሩት በ1971 ዓ.ም. በተጀመረው የመሠረተ ትምህርት ዘመቻ ነበርና እያንዳንዷን ፊደል ለይተው፣ ተጭነው፣ ቀስ ብለው ነው የሚጽፉት። በደብተሩ ውስጥ 23 ልጆች አሉ። እኔ 9ኛው ነኝ፤ ስለ እኔ የተጻፈው እንዲህ ይላል፦ «ኅዳር 12፣ ሰኞ፣ ዝናብ። ወንድ። ሦስት ዓመት ይሆነዋል። ግራ ጉልበቱ ላይ ጠባሳ። አረንጓዴ ሹራብ፣ አንድ እግር ኮንጎ ጫማ።» የተወለድንበትን ቀን የማናውቅ ሁሉ የመጣንበት ቀን ልደታችን ሆኖ ቄጤማ ተጎዝጉዞ ቡና ይፈላልን ነበር። አረንጓዴው ሹራብና ያ አንድ እግር ጫማ እስከ ዛሬ ሣጥኑ ውስጥ አሉ፤ ፈልጎኝ የመጣ ሰው ባይኖርም እንኳ ዐሥራ ሁለተኛ ክፍል ጨርሼ ከቤት ስወጣ አውጥተው አሳይተውኝ መልሰው አስቀመጧቸው። ከ23ቱ ልጆች አምስቱ በዚህ መንገድ ከሥጋ ዘመዶቻቸው ጋር ተገናኝተዋል።

በ1987 ዓ.ም. የጸናው ሕገ መንግሥት በአንቀጽ 36 ማንኛውም ሕፃን ወላጆቹን ወይም በሕግ የማሳደግ መብት ያላቸውን ሰዎች የማወቅና የእነርሱን እንክብካቤ የማግኘት መብት እንዳለው ይደነግጋል። ሃርሜ አንቀጹን አንብበውት አያውቁም፤ የቆርቆሮ ሣጥኑ ግን ያንኑ መብት ሲጠብቅ ኖሯል። በሕግ መጻሕፍት ሳይቀር የምንጠቀምበት ጉዲፈቻ የሚለው ቃልም ከኦሮምኛ የመጣ ነው፤ የሌላውን ልጅ እንደ ራስ ልጅ ማሳደግ የዚህ አካባቢ ነባር ባህል ነው። የውጭ አገር ጉዲፈቻ በ2010 ዓ.ም. በሕግ ከቀረ ወዲህ ደግሞ ወላጅ ያጣ ልጅ ተስፋው በአገር ውስጥ ባሉ ቤተሰቦች ላይ ነው። እንደ ክብርት አበበች ጎበና ያሉ ታላቅ እናት በ1972 ዓ.ም. በረሃብ ጊዜ ከወሎ ባመጧቸው ሕፃናት የጀመሩትን ሥራ ወደ ትልቅ ድርጅት አሳድገውት አልፈዋል፤ ሃርሜ እርሳቸውን በሬዲዮ ሲሰሙ ድምፅ አስጨምረው ያዳምጡ ነበር። የሃርሜ አቅም ግን ከአንድ ቤትና ከአንድ ምጣድ ያለፈ አልነበረም፤ እኛም የምንለምነው ለዚያው ለአንድ ቤት ነው።

ስለ ጓደኝነታቸው ሳልጽፍ ማለፍ አልችልም፤ ቤቱ ዛሬ ተስፋ ያገኘው በእርሱ ነውና። ጎረቤታቸው የሆኑ አንዲት ሙስሊም እናትና እርሳቸው ለአርባ ዓመት ያህል ቡና በየተራ እያፈሉ አብረው ጠጥተዋል፤ በረመዳን ለማፍጠሪያ የሚሆነውን ሾርባ ሃርሜ ያዘጋጃሉ፣ በሁዳዴ ደግሞ የጾሙን ወጥ ጓደኛቸው ሠርተው ይልካሉ። እኚህ ጎረቤት በወሊድ ታመው ሆስፒታል በተኙ ጊዜ ሃርሜ ገና ጡት ከሚጠባው ከራሳቸው ልጅ ጋር የእርሳቸውንም ሕፃን አጥብተው አቆይተዋል። ያ የጡት ልጅ አሁን ግንበኛ ነው። የፈረሰውን ግድግዳ ባየ ማግስት ሜትሩን ይዞ መጥቶ መሠረቱን ለካ፤ እስከ ጣሪያው ድረስ ያለውን የግንባታ ሥራ ያለ ክፍያ እንደሚሠራም በእድሩ ስብሰባ ላይ ቃሉን ሰጥቷል።

ቤቱ በእንጨትና በጭቃ የተሠራ ነው። ከወንዙ በኩል ያለው መሬት ክረምቱን ሙሉ ውኃ እንደቋጠረ ስለሚከርም የወጋግራዎቹ እግር ከሥር በስብሶ፣ የተረፈውንም ምስጥ በልቶት ቆይቷል፤ በየዓመቱ ጭድ በተቦካ ጭቃ ሲመረግ ከላይ ደህና ይመስል ነበር። በነሐሴ አጋማሽ አንድ ሌሊት የጀርባው ግድግዳ የልጆቹን መኝታ ክፍል ይዞ ወደቀ። ጣሪያው በማፍሰሱ ልጆቹ በዚያ ሰሞን ሳሎን ውስጥ ይተኙ ስለነበር ማንም አልተጎዳም። ከስድስቱ የዐሥራ አንድ ዓመቷ ልጅ ግን በጨለማ ተመልሳ ገብታ የቆርቆሮ ሣጥኑን ጎትታ አውጥታለች፤ ስንቆጣት ደብተሩ እንዳይርስ ብላ መሆኑን ነገረችን።

አሁን ልጆቹን የያዘችው ከእኛ ከማደጎ ልጆች ታላቅ የሆነችው እህታችን ናት፤ ኑሮዋን ትታ ወደ ቤቱ ተመልሳለች፣ የልጆቹ አደራም በሚመለከተው መሥሪያ ቤት በስሟ ተመዝግቧል። ሃርሜ የወለዷቸው ሁለት ልጆችም ቤቱ ልጆቹ አድገው እስኪወጡ ድረስ እንዳይሸጥና እንዳይከራይ በምስክሮች ፊት ተፈራርመዋል። አንድ ነገር ግን በግልጽ ተነግሮናል፤ ቤቱ ለመኖሪያ የማያሰጋ ካልሆነ ልጆቹ ወደተለያዩ ቤተሰቦች ይከፋፈላሉ። ከስድስቱ ሁለቱ የአንድ እናት ልጆች ናቸው። ወንድየው አምስት ዓመቱ ነው፤ የእህቱን ቀሚስ ጫፍ ካልያዘ እንቅልፍ አይወስደውም።

ሥራው የጀርባዎቹን ሁለት ክፍሎች ከፍ ባለ የድንጋይ መሠረት ላይ በብሎኬት መሥራት፣ የፊቱን ጣሪያ መጠገንና ማድ ቤቱን ከመኝታው መለየት ነው። የመሠረቱን ድንጋይ የመንደሩ ወጣቶች እየሰበሰቡ ነው፤ የመሠረቱን ሲሚንቶም እድራችን ችሏል። የጎደለን 1,000 ብሎኬት፣ 30 ቆርቆሮ፣ 20 ኩንታል ሲሚንቶ፣ ሁለት በር፣ አራት መስኮት፣ እንዲሁም አሸዋውን ከመኪና ላይ አራግፎ እስከ ጓሮ የሚያደርስ ጉልበት ነው። በጅማ ዝናቡ ረጅም ነው፤ ግድግዳ ለማቆምና ለማድረቅ የሚመቸን ከኅዳር እስከ ጥር ያለው ጊዜ ስለሆነ ቆርቆሮው ከገና በፊት እንዲመታ አቅደናል። ወራቱ የቡና ለቀማና የአጨዳ መሆኑን፣ ሁሉም በሥራ የሚወጠርበት መሆኑን እናውቃለን፤ በዚያው መጠን ግን ብዙ ቤት ገንዘብ የሚገባበት ወቅት እርሱ ነው። ገንዘብ ያልደረሰለት ገበሬ አንድ ጣሳ ጀንፈል (ከነገለባው የደረቀ ቡና) ቢሰጠን በደስታ እንቀበላለን፤ የእድሩ ሴቶች አሰባስበው በገበያው ዋጋ ሊሸጡት ተስማምተዋል።

የተዝካር ነገር የጠየቃችሁንም አለን። ሃርሜ በሕይወት ሳሉ ለድግስ የሚወጣ ገንዘብ ለልጆቹ እንዲውል ደጋግመው ተናግረው ነበርና ቤተሰቡ በኅዳር የሚውለውን የመንፈቅ መታሰቢያ በጸሎትና ለነዳያን በሚሰጥ ዳቦ ብቻ ለማሰብ ወስኗል። ለዚያ ቀን በግም ሆነ ጠላ ለማምጣት አስባችሁ የነበራችሁ ሁሉ ዋጋውን ወደ ቤቱ ሥራ ብታዞሩት ፈቃዳቸውን ፈጸማችሁ ማለት ነው።

ገንዘቡ የሚገባው በእድሩ ስም በተከፈተ የባንክ ሒሳብ ነው፤ ወጪ የሚሆነው የእድሩ ሰብሳቢ፣ ገንዘብ ያዥና የቤተሰቡ ተወካይ ሦስቱም ሲፈርሙ ብቻ ነው። የሒሳብ ቁጥሩ በእድሩ ጽሕፈት ቤት በር ላይ ተለጥፏል፤ የገባውና የወጣውም በየወሩ መጨረሻ እሑድ እዚያው ይለጠፋል። ዕቃ ለምትሰጡ ደረሰኝ ይቆረጣል። ከጅማ ውጭ ያላችሁ እዚህ ባለ ዘመድ ወይም ጎረቤት በኩል ብትልኩ በላኪው ስም እንመዘግባለን፤ ስሙ እንዳይጠራ የሚፈልግ ሰው ካለም ፈቃዱ ይጠበቃል።

የጉልበት ሥራው የሚካሄደው በየሳምንቱ ቅዳሜ ነው። አካፋና ባሬላ ያላችሁ ይዛችሁ ኑ፤ ድንጋይ የሚያመጣ ጋሪ በፊት ለፊቱ ጠባብ መንገድ ስለማያልፍ በወንዙ በኩል ባለው የጓሮ በር ይግባ። የሃርሜ ጓደኛ ከጧቱ 3 ሰዓት ጀምሮ ቡና ያፈላሉ።