የአባይን ድልድዮች ታሪክም ጤናም ንገሩን፦ ግልጽ ደብዳቤ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር

ይድረስ ለኢትዮጵያ መንገዶች አስተዳደር
አዲስ አበባ

በቅድሚያ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። እኔ መሐንዲስ አይደለሁም። ዘመድ ጥየቃ በአባይ በረሃ ወደ ጎጃም የምመላለስ መንገደኛ ነኝ። የምለምነውም ብዙ አይደለም። በአባይ ላይ ያሉትን ትልልቅ ድልድዮች ማን፣ መቼ፣ እንዴት እንደሠራቸው በየድልድዩ አጠገብ ይጻፍልን። ደግሞም ድልድዮቹ በተመረመሩ ቁጥር የተገኘው ውጤት ሰው በሚገባው ቋንቋ ለሕዝብ ይነገር።

ድልድይ ሲመረቅ ሁላችንም ቁጥር አዋቂ እንሆናለን። ስለ ባሕር ዳሩ አዲስ ድልድይ የከተማውን ሰው ብትጠይቁ ፈጥኖ ይነግራችኋል። ርዝመቱ 380 ሜትር፣ ስፋቱ 43 ሜትር፣ ወጪው ከ1.4 ቢሊዮን ብር በላይ፣ የተመረቀው ግንቦት 3 ቀን 2016 ዓ.ም.። በወዲህም በወዲያም ሦስት ሦስት መኪና ጎን ለጎን ያስኬዳል። እግረኛውም ብስክሌተኛውም የራሱ መንገድ አለው። ለባሕር ዳር ልጅ ደግሞ የብስክሌቱ ነገር ቀላል አይደለም። በድሮው ድልድይ ላይ ከባጃጅና ከጭነት መኪና ጋር እየተጋፋ ያለፈ ያውቀዋል። እሰየው የሚያሰኝ ሥራ ነው። ችግሩ፣ ሪባኑ ከተቆረጠ በኋላ ስለ ድልድይ ማውራት እንተዋለን። ስሙ እንደገና የሚነሳው፣ አይበለውና፣ አንድ ነገር ሲሆን ነው።

አባይ ላይ ድልድይ መሥራት የትናንት ነገር አይደለም። ከጢስ አባይ ፏፏቴ ወረድ ብሎ አላታ ላይ ያለው የድንጋይ ድልድይ በ17ኛው መቶ ክፍለ ዘመን፣ በአፄ ሱስንዮስ ዘመን የተሠራ ነው። ሕዝቡ «የፖርቹጋል ድልድይ» ይለዋል። አንዳንዱ ደግሞ ለአፄ ፋሲል ይሰጠዋል። (በዚያ አገር ድንጋይ በኖራ ተያይዞ ካየን ሁሉን የፋሲል ማድረግ ልማዳችን ነው።) ቦታውን የመረጠው ሰው ብልህ ነበር። ወንዙ እዚያ ጋ በጠባብ አለት መሀል ተጨምቆ ስለሚያልፍ ረጅም ድልድይ አላስፈለገም። መሠረቱም ራሱ አለቱ ነው። ገበያተኛው ከነአህያው ሲሻገርበት ኖሯል።

የሰባራ ድልድይ ታሪክ ግን የከፋ ነው። እሱም ከጎንደር ነገሥታት ዘመን የቆየ፣ ከሞጣ በኩል ወደ ጎንደር ምድር የሚያሻግር የድንጋይ ድልድይ ነበር። በጣሊያን ወረራ ጊዜ አርበኞች ጠላት እንዳይሻገርበት መሀሉን ሰበሩት። ስሙም በዚያው ሰባራ ድልድይ ሆኖ ቀረ። ጠላት ከወጣ በኋላ ለአሥርት ዓመታት ሰው የሚሻገረው ወገቡን በገመድ ታስሮ፣ ከማዶ ያሉ ጉልበተኞች እየጎተቱት ነበር። ከእግሩ በታች ያለው አባይ ነው። በ1990ዎቹ አጋማሽ ተጠገነ ተብሎ ደስ አለን። ብዙም ሳይቆይ ጎርፍ መጣና የተጠገነውን ወሰደው። ቆይቶ ከውኃው ከፍ ያለ፣ በብረት ገመድ የተንጠለጠለ የእግረኛ ድልድይ ተሠራ።

አባይ ማደሪያ የለው፣ ግንድ ይዞ ይዞራል እንላለን። ድልድይ ለሚጠብቅ ሰው ይህ ተረት ብቻ አይደለም። በክረምት ግንድ እያንከባለለ የሚመጣ ውኃ ምሰሶ ይመታል። ከዚህ የባሰው ደግሞ ዓይን የማያየው ነው። ውኃው ምሰሶው የቆመበትን አፈር ከሥር ከሥሩ እየሸረሸረ ይሄዳል። ላይ ሆኖ ለሚያይ ድልድዩ አማን ነው። ከታች ግን ሌላ ነገር ሊኖር ይችላል። መመርመሩን ብቻ ሳይሆን ውጤቱን መስማት የምንፈልገው ለዚህ ነው።

አሁን ወደ አባይ በረሃ ልምጣ። እኔን የሚያመላልሰኝ እሱ ነው።

ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን 40 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቁልቁለቱ ከ1,000 ሜትር በላይ ይወርዳል። ጎሐ ጽዮን ላይ ጃኬት የለበሰ ሰው ፍልቅልቅ ሲደርስ ያወልቃል። ሾፌሩ ማርሽ ይቀንሳል፣ ከፊት የጫነ ተሳቢ ካለ ደግሞ የጋለ ፍሬን ሽታ መኪናው ውስጥ ይገባል። ታች ሲደረስ ሁለት ድልድይ ጎን ለጎን ቆሟል። አሮጌው በአፄ ኃይለ ሥላሴ ዘመን የተሠራ፣ ቅስት ያለው የአርማታ ድልድይ ነው። ከ50 ዓመት በላይ የሰሜን ምዕራቡን ሸክም ችሏል። መጨረሻ ላይ ሲደክም ከባድ መኪና አንድ በአንድ ብቻ እንዲያልፍ ተደረገ። አንዱ እስኪሻገር ሌላው ይጠብቃል።

አዲሱ የሕዳሴ ድልድይ የሚሌኒየሙ ዓመት ሊያልቅ ሲል በጳጉሜ 2000 ዓ.ም. ተመረቀ። ርዝመቱ 303 ሜትር ነው። ገንዘቡን የጃፓን መንግሥት በእርዳታ ሰጠ፣ ሥራውን ካጂማ የተባለው የጃፓን ድርጅት ሠራ። እኔን የሚገርመኝ አሠራሩ ነው። የመሀሉ ክፍል 145 ሜትር ያለ አንዳች ምሰሶ ይዘልላል። ታዲያ ከታች ሳይደግፉ እንዴት ሠሩት? መጀመሪያ ሁለቱ ምሰሶዎች ቆሙ። ከዚያ ከእያንዳንዱ ምሰሶ ወደ ግራም ወደ ቀኝም አርማታው ቁራጭ በቁራጭ እየተሞላ ወጣ። በአንዱ በኩል ሲጨመር በሌላውም ይጨመራል። በሁለት እጁ ሁለት ጀሪካን ውኃ እንደያዘ ሰው ነው፤ አንዱ ከከበደ ያዘነብላል። ከምሰሶዎቹ በላይ ከቆሙት ማማዎች የሚወርዱት የብረት ገመዶች ደግሞ ከላይ ሆነው ይረዳሉ። በመጨረሻ ከሸዋ በኩል የመጣውና ከጎጃም በኩል የመጣው አየር ላይ ተገናኙ። ይህን ከአሥር ተሳፋሪ ስንቱ ያውቃል? በዚያ ሐሩር ፌሮ ያሰሩትንና አርማታ የሞሉትን የአገር ልጆችስ ማን ያነሳቸዋል?

አንዴ ከመኪና ስልኬን አውጥቼ ድልድዩን ላነሳ ስል ጥበቃው «ወንድሜ፣ ስልኩን አስገባው» አለኝ። አስገባሁት። ፎቶ መከልከሉ ይገባኛል። ጦርነት ሲመጣ መጀመሪያ የሚታሰበው ድልድይ እንደሆነ ሰባራ ድልድይ ምስክር ነው። ግን ድልድዩ የተሠራበት ዓመት ምን ምሥጢር አለው? የሚችለው ክብደትስ? እንዲያውም ይህን የቦቲና የተሳቢ ሾፌር ሁሉ በቃሉ ሊያውቀው ይገባል።

ስለ ድልድዩ ካነሳሁ ስለ ቁልቁለቱ ሳልናገር ባልፍ ጎዶሎ ይሆናል። ሸለቆው የተደራረበ ነው። ከላይ ጥቁር ድንጋይ፣ ቀጥሎ የኖራ ድንጋይ፣ ከሥሩ ጀሶና ለስላሳ ሸክላማ ድንጋይ፣ ታች ደግሞ አሸዋማ ድንጋይ አለ። ከላይ የተናደው ኮረት በዳገቱ ላይ ተከምሯል። ዝናብ ሲገባበት ክምሩ ቀስ እያለ ይንሸራተታል፣ አስፋልቱንም ይዞት ይሄዳል። መንገዱ እዚያ ጋ የሚሰነጠቀውና እንደ ማዕበል የሚነሳው ለዚህ ነው። ጃፓኖቹ ድልድዩን ሠርተው ከጨረሱ በኋላ የመሬት መንሸራተቱን ለብቻው አጥንተዋል። የዚያ ጥናት ፍሬ ነገር በሁለት ገጽ ቀላል አማርኛ ቢወጣ፣ ሾፌሩ ሁሉ ኮንትራክተሩን መራገም ትቶ የት ቦታ ፍጥነት መቀነስ እንዳለበት ያውቅ ነበር። ድልድዩ ቢጸና ወደ ድልድዩ የሚያወርደው መንገድ ከተናደ ያው ነው።

እኛ መንገደኞችም የምናየው ነገር አለ። ድልድይ በሙቀት ይለጠጣል፣ በብርድ ይኮማተራል። ለዚያ የተተወለት ክፍተት አለ፤ ጎማ ሲያልፍበት «ዱብ» የሚለው እሱ ነው። ያ ክፍተት በአፈርና በጠጠር ከተሞላ ድልድዩ መላወሻ ያጣል። የውኃ መውረጃ ቀዳዳው ከተደፈነ ደግሞ ዝናቡ ላዩ ላይ ይተኛል፣ ሰርጎ ገብቶ ብረቱን ያዝጋል። ከልክ በላይ የጫነ መኪና አንዴ ቢያልፍ ምንም አይታይም። በየቀኑ ሲያልፍ ግን ጉዳቱ እየተጠራቀመ ይሄዳል። እነዚህ አካፋ፣ መጥረጊያና የክብደት ሚዛን የሚፈቱአቸው ነገሮች ናቸው። ትልቁን ድልድይ የሚገድለው ብዙ ጊዜ እንዲህ ያለው ትንሽ ነገር ነው። ሕዝቡ ምን እንደሚያይ ቢነገረው ደውሎ የሚጠቁማችሁ ሰው አታጡም።

ደግሞም ከፋዮች ነን። የመንገድ ፈንድ በ1989 ዓ.ም. ከተቋቋመ ጀምሮ ነዳጅ በተቀዳ ቁጥር ለጥገና የሚሆን ገንዘብ ይቆረጣል። የባጃጅ ሾፌሩም፣ የአይሱዙው ባለቤትም፣ ታሪፍ የሚከፍለው ተሳፋሪም ከዚያ ውስጥ ድርሻ አለው። ስለ ድልድዩ ጤና መጠየቃችን ድፍረት አይሆንብንም ብዬ አምናለሁ።

መሥሪያ ቤታችሁ በ1943 ዓ.ም. ነው የተቋቋመው። ሽማግሌዎቻችን ዛሬም «አውራ ጎዳና» ይሉታል። ከዚያን ጊዜ ጀምሮ የተጠራቀመው ዶሴ ውስጥ ፎቶውም፣ ፕላኑም፣ የጥገናው ታሪክም አለ ብዬ እገምታለሁ። ከየት እንጀምር ካላችሁ ከአባይ በረሃ ጀምሩ። አንድ ሰሌዳ በጎሐ ጽዮን በኩል፣ አንድ በደጀን በኩል፣ በአፋን ኦሮሞና በአማርኛ። የአሮጌውም ታሪክ ይኑርበት፤ አዲሱ ስለመጣ እሱ አይረሳ። የምርመራውን ውጤት ለመንገር ደግሞ ጥሩው ጊዜ ክረምቱ ወጥቶ ውኃው ሲጎድልና የምሰሶው ሥር ሲታይ ነው፤ ኅዳር ገደማ። አንድ ገጽ ይበቃል። ምን ታየ፣ ምን ተጠገነ፣ ምን ቀረ።

ሰሌዳው ላይ የሚሰፍረውን ጽሑፍ የሚያርም ሰው ከፈለጋችሁ እኔ በነፃ አለሁ።

ከአክብሮት ጋር፣
የአባይ በረሃ መንገደኛ