ለአዲሱ አሰልጣኝ ወንድሜ

ብሉሚንግተን፣ ኢንዲያና
ታኅሣሥ 20 ቀን 2017 ዓ.ም.

ይድረስ ለምወድህ ወንድሜ፤ ለጤናህ እንደምን ሰንብተሃል? የእማዬ ጉልበትስ ተሻላት? እኔ ከብርዱ በቀር እግዚአብሔር ይመስገን ደህና ነኝ።

የትምህርት ቤቱን ቡድን ተረክበህ ማሰልጠን መጀመርህን እማዬ በስልክ ነገረችኝ፤ በጣም ደስ አለኝ። እሷ ግን ሰግታለች። «አምና ሲሸነፉ የከረሙ ልጆች ናቸው፤ ወቀሳው በሱ ላይ ይወድቃል» አለችኝ። እኔም ዘንድሮ በዚህ ከተማ ያየሁትን ልጽፍልህ ተነሳሁ።

ጨዋታው የኛ እግር ኳስ አይደለም፤ ሞላላ ኳስ ይዘው እየሮጡ፣ እየወረወሩ፣ እየተጋጩ የሚጫወቱት አሜሪካን ፉትቦል ነው። የኢንዲያና ዩኒቨርሲቲ ቡድን በሽንፈት ብዛት ስሙ የሚነሳ ነበር። በፈረንጆች 2023 ከ12 ጨዋታ ያሸነፈው 3 ብቻ ነው። በኢንዲያና የሰዉ ልብ ያለው ቅርጫት ኳስ ላይ ነው፤ ዩኒቨርሲቲው በሱ 5 ጊዜ የአገር ሻምፒዮን ሆኗል። ለዚህኛው ጨዋታ ግን ሰዉ ከስታዲየሙ ደጅ ሥጋ እየጠበሰ ይውልና ብዙው ሳይጨርስ ወደ ቤቱ ይሄድ ነበር።

ከዚያ ከርት ሲግኔቲ የሚባል ሰው ተቀጠረ። ዕድሜው ከ60 አልፏል። ገና ሲመጣ «እኔ አሸንፋለሁ፤ ጎግል አድርጉኝ» አለ። በኛ አገር ትዕቢተኛ ይባል ነበር። እኔ ግን ታሪኩን ሳነብ አከበርኩት። አላባማ በሚባለው ታላቅ ቡድን ምክትል ሆኖ ተደላድሎ ሳለ፣ በፈረንጆች 2011 ያንን ትቶ አባቱ ያሰለጥኑበት የነበረን ትንሽ ኮሌጅ በዋናነት ሊመራ ሄደ። ከዚያ ወዲህ ከተሸነፈው ያሸነፈው ያልበለጠበት አንድም ዓመት የለም።

ወደ ኢንዲያና ሲመጣ፣ በመጨረሻ ያሰለጥነው ከነበረው ከጄምስ ማዲሰን ዩኒቨርሲቲ ቡድን 13 ልጆች ተከትለውት መጡ። እዚህ ተማሪ ኮሌጅ ቀይሮ መጫወት ይችላል። አንተ ከሌላ ትምህርት ቤት ተጫዋች ልታመጣ አትችልም፤ ቢሆንም ነገሩን አስተውለው። እነዚያ 13 ልጆች የልምምዱን ሥርዓት አስቀድመው ስለሚያውቁ ለሌላው አሳዩት። አንተም በመጀመሪያ የሚሰሙህን ሦስት አራት ልጆች ለይተህ እነሱን በደንብ አስተምር፤ ሌላው ከነሱ ያያል።

የመጀመሪያዎቹን 10 ጨዋታዎች በተከታታይ አሸነፉ! በዩኒቨርሲቲው ታሪክ ሆኖ አያውቅም። ኔብራስካን 56 ለ 7 ባሸነፉበት ቀን ኳስ የሚወረውረው ኩርቲስ ሩርክ አውራ ጣቱ ተጎዳ። ከተማው ደነገጠ። በሚቀጥለው ሳምንት ተቀያሪው ታይቨን ጃክሰን ገብቶ ዋሽንግተንን 31 ለ 17 አሸነፉ። ተቀያሪዎችህን አደራ! የአምናውን የአገሪቱን ሻምፒዮን ሚሺጋንን 20 ለ 15 ሲረቱ ጨዋታው ሳያልቅ ትቶ የሄደ ሰው አልነበረም።

ኦሃዮ ስቴት ግን 38 ለ 15 አሸነፋቸው። ጉልበታቸው በለጠ፤ ሩርክን ደጋግመው መሬት ላይ ጣሉት። በሳምንቱ ጎረቤታቸውን ፐርዱን 66 ለ 0 ደመሰሱት። በመጨረሻ ለሻምፒዮናው ጥሎ ማለፍ ደርሰው ታኅሣሥ 11 ቀን ሌሊት በኖትር ዳም 27 ለ 17 ተሸነፉ። 27 ለ 3 እየተመሩ፣ ጨዋታው ሊያልቅ ሲል፣ ሁለት ጊዜ አስቆጠሩ። አንዳንዱ «ያሸነፉት ደካሞችን ነው፣ እዚያ መድረስ አይገባቸውም ነበር» ይላል። እኔ አልስማማም። ቀድሞ ከ9 በላይ አሸንፎ የማያውቅ ቡድን በአንድ ዓመት 11 አሸነፈ።

እማዬን በዚህ አጽናናት። የመጀመሪያው ጨዋታችሁ መቼ እንደሆነ፣ ማንን አምበል እንዳደረግክ ጻፍልኝ። በጥር ወደ አዲስ አበባ የሚሄድ ሰው አለና የልጆቹን የጫማ ቁጥር ቶሎ ላክልኝ። የሁሉንም ባልችል ለበረኛውና ጫማ ለሌላቸው እልካለሁ።

እማዬን ጉልበቷን ሳምልኝ። መልካም ገና።

ናፋቂ ወንድምህ